የተመረጡ ተማሪዎች ትምህርት ቤት፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

መንግሥት ጎበዝ ተማሪዎችን በፈተና መርጦ ለብቻቸው ያስተምር፣ ወይስ ሁሉን በአንድነት? ይህ ጥያቄ በደሴና በኮምቦልቻ ልጅ ያለውን ሠራተኛ ሁሉ የሚነካ ስለ ሆነ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን በየተራ እንመልከት።

መምረጥ ለሀገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የላቁትን ተማሪዎች እየመረጠ ለከፍተኛ ትምህርት ያዘጋጅ ነበር። በተማሪዎች እንቅስቃሴ ስሙ የታወቀው ዋለልኝ መኮንንም ከደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ወደዚያ የተሻገረ ነው። ዛሬም በአማራ ክልልና በሌሎችም ክልሎች ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይኸንኑ ተግባር ያከናውናሉ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አስጠኚ ለመቅጠር አቅም የሌለው የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ፣ ያለ ክፍያ መጽሐፍ፣ ቤተ ሙከራና ብርቱ መምህር ያገኛል። ከአቻዎቹም ጋር ሲወዳደር ትጋቱ ይጨምራል።

ጉዳቱስ? አንደኛ፣ ምርጦቹ ሲወጡ በነባሩ ክፍል የሚቀሩት ልጆች አርአያ ያጣሉ፤ መምህሩም ወደ ተሻለው ቦታ ያማትራል። ሁለተኛ፣ የመግቢያው ፈተና ተሰጥኦን ብቻ ሳይሆን የቤትን ኑሮ ጭምር ይለካል። እርስዎ ልጅዎን ማታ ማታ ሲያስጠኑ፣ የገጠሩ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ውሎ ደክሞት ተኝቷል። እንግሊዝ ሀገርም እ.ኤ.አ. በ1944 ከወጣው የትምህርት ሕግ በኋላ ልጆችን በ11 ዓመታቸው በፈተና ትለይ ነበር፤ ነገር ግን ከ1965 ወዲህ አብዛኛው አውራጃ ይህን ልማድ ትቶታል።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ያህል ተማሪዎች፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። እንግዲህ የጥቂቶቹ መልካም ውጤት የብዙኃኑን ጉድለት አይሸፍንም።

ገበሬ ለዘር የሚሆነውን ይመርጣል፤ ቀሪውን ማሳ ግን ሳያርም አይተወውም። ስለዚህ ምርጫው ይቀጥል ቢባል እንኳ፣ ለየወረዳው ድርሻ ይመደብ፤ ዘግይቶ ለሚነቃ ልጅ በየዓመቱ በር ይከፈትለት፤ ለልዩው ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሲሠራ ለነባሩም ይታሰብ። እርስዎም የልጅዎ ስም ከተመራጮቹ መዝገብ ቢገኝ ደስ ይበልዎ፤ ነገር ግን ያልተመረጠው የጎረቤትዎ ልጅ በምን ክፍል፣ በማን መምህር እንደሚማር መጠየቅን አይርሱ። ሀገር የምትቆመው በሁለቱም ልጆች ነውና።