የእንግዳ እናቶች ልጆች ስለራሳቸው ያላቸው ግምትና የትምህርት ዝንባሌያቸው
ሥራ ፍለጋ ከአዊ ዞን ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ከመጣች እናት ጋር የሚመጣ ልጅ የሚለየው ከቀዬው ብቻ አይደለም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ስለፈቀደ፣ በአዊኛ ፊደል የቆጠረ ሕፃን በአዲሱ ክፍል የሚጠየቀው በአማርኛ ይሆናል። የስሌቱን መልስ እያወቀ ቃሉን እስኪያገኝ ዝም ይላል። መምህሩ ይህን ዝምታ ከስንፍና የቆጠረው እንደሆነ፣ ልጁም «አልችልም» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል፤ በእናቱ ቋንቋ ማፈር፣ ቀጥሎም ትምህርትን መሸሽ ይጀምራል።

ስለዚህ መምህሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁን በስሌትና በሥዕል ሊመዝነው፣ አዊኛ ከሚያውቅ ጓደኛ አጠገብ ሊያስቀምጠው፣ እናቲቱንም ጠርቶ ልጇ የሚችለውን ሊነግራት ይገባል። ዕቅድ አውጪዎችም በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ልጁ ቀድሞ የተማረበትን ቋንቋ የሚጠይቅ አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።