ስንት ሲሆን ነው ሞላ የሚባለው?

መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ዛሬ «ቴምብር» ብትሉ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ውል ሲያስመዘግብ ወይም ውክልና ሲሰጥ የከፈለው የቴምብር ቀረጥ ነው። ደብዳቤ በስልክ ከተተካ ወዲህ ፖስታ ላይ የምትለጠፈዋን ባለጥርስ ወረቀት በእጁ የያዘ ወጣት በእስቴም በስማዳም በቀላሉ አይገኝም። ይህችኑ ወረቀት ግን ከዓለም ዳር እስከ ዳር እያሳደዱ፣ በመቆንጠጫ እያነሱ፣ አልበም ውስጥ የሚያሰልፉ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ አንድ አገር መርጠው በዚያው ይረጋሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ የዓለምን ሁሉ ካልሰበሰብኩ ይላሉ። እነዚህኞቹን ለብዙ ዓመት ሲያከራክራቸው የኖረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ስብስቡ ሞላ የሚባለው መቼ ነው?

መነሻው አያከራክርም። እንግሊዝ በ1840 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የንግሥት ቪክቶሪያን መልክ የያዘችውን ጥቁር የአንድ ፔኒ ቴምብር አወጣች። የዓለም የመጀመሪያዋ ቴምብር እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ነጻ መንግሥት፣ ቅኝ ግዛት፣ ወራሪ ጦር፣ ለጥቂት ወራት ብቻ የቆመ አስተዳደር ሳይቀር የየራሱን አሳትሟል። የዓለም ፖስታ ኅብረት ዛሬ 192 አባላት አሉት፤ በታሪክ ቴምብር ያወጡት ስሞች ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ፤ ብዙዎቹ አገሮች ከካርታው ላይ ጠፍተዋል። ጠቅላላው የቴምብር ዓይነት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሲሆን በየዓመቱም ይጨምራል። ሰብሳቢው አንድ ገጽ ሲሞላ ማተሚያ ቤቶች ሌላ ገጽ ይከፍቱበታል።

ለዚህ ምኞት ማንም ሰው እንደ ፊሊፕ ፎን ፌራሪ አልቀረበም። ፓሪስ ውስጥ፣ ዛሬ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር መኖሪያ በሆነው ሆቴል ማቲኞን ያደገ ባለጸጋ ነበር። ያየውን ሁሉ ሳይከራከር ይገዛ ስለነበር ነጋዴ ሁሉ ይወደው ነበር፤ አጭበርባሪዎችም እንደዚያው። በ1917 ሲሞት ስብስቡን ለበርሊን የፖስታ ሙዚየም ተናዞ ነበር። ዘመኑ የጦርነት ነበርና የፈረንሳይ መንግሥት ወረሰው፤ ከ1921 ጀምሮም በጨረታ ተቸበቸበ። የብሪታንያ ጉያና የ1856 ባለ አንድ ሳንቲም ቴምብር ከዚያ ውስጥ ነበረች። በዓለም ላይ አንዲት ብቻ ናት። በ1873 አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አገኛትና በስድስት ሽልንግ ሸጣት፤ በ2014 ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣች። እሷን አንድ ሰው ከያዛት በምድር ላይ ያለ ሌላ ሰብሳቢ ሁሉ ጎዶሎ ነው ማለት ነው። «ሁሉም» የሚለውን ቃል በቁሙ የወሰደ ሰው ገና ሳይጀምር ተሸንፏል።

ስለዚህ ሰብሳቢዎች ዳኛ ይሾማሉ። ዳኛው ካታሎግ ነው፤ የየአገሩን ቴምብር በዓመት፣ በዋጋና በቀለም እየለየ ቁጥር የሚሰጥ ወፍራም መጽሐፍ። የአሜሪካው ስኮት፣ የእንግሊዙ ስታንሊ ጊበንስ፣ የጀርመኑ ሚሼል፣ የፈረንሳዩ ኢቬር ዋናዎቹ ናቸው። ችግሩ ዳኞቹ አይስማሙም። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ዛሬ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በተባለው ምድር እንደ አጅማን ያሉ ትንንሽ ግዛቶች ደብዳቤ ለመላክ ሳይሆን ለሰብሳቢ ለመሸጥ ያሳተሙት ቴምብር እንደ አሸዋ በዛ። ስኮት ብዙውን አልቀበልም ሲል ሚሼል መዘገበው። በአንዱ መጽሐፍ የሞላ አልበም በሌላው ባዶ ቦታ የሚበዛበት ለዚህ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ከስኮት ጋር ነኝ። ደብዳቤ ሊሸከም ያልተሠራ ወረቀት፣ መልኩ ቢያምርም፣ ሥዕል እንጂ ቴምብር አልለውም።

ይህ ሁሉ የሩቅ ሰው ጭቅጭቅ የሚመስለው ካለ የእኛኑ አገር ይመልከት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ የታተሙት ሰባቱ ናቸው። ቅርጹን የሠራው ለፈረንሳይም ቴምብር የቀረጸው ዩጂን ሙሾን ነው። ከሩብ ግርሽ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት አራቱ የአፄ ምኒልክን መልክ ይዘዋል፤ የአራት፣ የስምንትና የአሥራ ስድስት ግርሾቹ ደግሞ ዘውድ የደፋውን አንበሳ። አሥራ ስድስት ግርሽ አንድ ብር ነበር። የአገሩ ስም የተጻፈው በእኛው ፊደል ብቻ በመሆኑ ለባዕድ ዓይን የማን እንደሆኑ አይታወቅም ነበር። እስከዚህ ድረስ ሰባት ብሎ መቁጠር ቀላል ነው።

ከዚያ ማኅተም መጣ። በ1901 እነዚያው ሰባት ቴምብሮች ላይ በላቲን ፊደል «ኢትዮፒ» የሚል ጽሑፍ ተመታባቸው። በ1902 «ቦስታ»፣ በ1903 «መልክት» ተባለባቸው። ብዙ ሳይቆይም በላያቸው የፈረንሳይ ሳንቲም ዋጋ ይታተምባቸው ጀመር። የቃላቱ ማኅተም በእጅ የሚመታ ነበርና አንዳንዱ ተገልብጦ፣ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተደርቦ፣ አንዳንዱ ቀለሙ ተለውጦ ተገኘ። እንግዲህ የተገለበጠው ራሱን የቻለ ቴምብር ነው ወይስ የማኅተም መቺው ድካም? አንዱን ቆጥረህ ሌላውን የምትተው ከሆነ በምን ሕግ? በዚያ ላይ ጎማ ማኅተም አስቀርጾ ርካሹን ቴምብር ውድ ማድረግ ለአጭበርባሪ ቀላል ስለሆነ ሐሰተኛው ብዙ ነው። ባለሙያ ያረጋገጠበት ወረቀት ሳይኖር በዚህ ዘመን ቴምብር ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያፈስ ሰው እጅግ ደፋር ነው።

ሌላም አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በኅዳር 1908 ነው። ከዚያ በፊት የምኒልክ ቴምብር ደብዳቤውን ጅቡቲ ድረስ ብቻ ያደርሰዋል፤ ባሕር ለመሻገር የፈረንሳዮቹ የጅቡቲ ቴምብር ይጨመርበታል። አንድ ፖስታ ላይ ሁለት መንግሥት ጎን ለጎን ተለጥፎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ይህን ፖስታ «ኢትዮጵያ» ከሚለው ገጽ ታስገቡታላችሁ ወይስ «የሶማሌ ጠረፍ» ከሚለው የጅቡቲ ገጽ? የዓለም ሰብሳቢ ሁለቱንም ገጽ መሙላት አለበት፤ ፖስታው ግን አንድ ነው።

የ1919ዎቹ አሥራ አምስት ቴምብሮች ደግሞ የውበት ወጥመድ ናቸው። ቀጭኔ፣ ነብር፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆን አለባቸው፤ ራስ ተፈሪና ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም አሉ። ለሰብሳቢ ገበያ ተብለው በገፍ ዳግም ስለታተሙ በየጨረታው በርካሽ የሚገኙት አብዛኞቹ ዳግም ኅትመቶቹ ናቸው። ያልተላከ ቴምብር እጃችሁ ከገባ ገልብጡት። ጀርባው ላይ ያለው ሙጫ ነጭና ልሙጥ ከሆነ የመጀመሪያው ኅትመት ነው። ቡናማ ሆኖ በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ዳግም የታተመው ነው። የፊቱ ሥዕል አንድ ነው። አንዳንዱ ሰብሳቢ «ሥዕሉ ካለኝ ይበቃኛል» ብሎ ዳግም ኅትመቱን ባዶው ቦታ ላይ ያኖራል። አልፈርድበትም፤ ሞላሁ ሲል ግን የሞላው በምን እንደሆነ ከሥር ይጻፍ።

በ1936 ጣሊያን የንጉሡን የቪክቶር አማኑኤልን ፊት አድርጎ «ኢትዮጵያ» የሚል ቴምብር አወጣ። የሚያስገርመው እነሱም ሰባት ናቸው። ካታሎጎቹ ከኢትዮጵያ ሥር፣ ነገር ግን «ወረራ» በሚል ለብቻ ይመዘግቧቸዋል። ከአልበሙ ያስወጣቸው አርበኛ ሰብሳቢ ቢኖር አይገርመኝም። እኔ ግን አላወጣቸውም፤ በዚያ ቴምብር ደብዳቤ የላከና የተቀበለ ሰው ነበር።

መነሻውም ቢሆን 1894 ነው ብሎ መዝጋት አይቻልም። በጥቅምት 1867 አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ይዘው ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ በጋይንት አድርገው፣ ጨጨሆን አልፈው፣ ገደሉን መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ጎተቱት። በዚያው ሰሞን ከቀይ ባሕር በዙላ በኩል የገባው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፖስታ ቤት ይዞ መጥቶ ነበር። ወታደሮቹ ደብዳቤያቸው ላይ የሚለጥፉት የሕንድ ቴምብር ነበር፤ የዘመቻው ፖስታ ቤትም የራሱን ማኅተም ይመታበታል። ካታሎጉ ቴምብሩን ከሕንድ ሥር ያስቀምጠዋል። የኢትዮጵያን የፖስታ ታሪክ የሚያጠኑት ግን ከዚህ ይጀምራሉ። በጋይንት በኩል ነፍጥና መድፍ፣ በዙላ በኩል ደብዳቤ እየተጓዘ መቅደላ ላይ የተገናኙት በሚያዝያ 1868 ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ልምድ ያላቸው ሰዎች ወሰኑን አስቀድመው ያጥራሉ። አንዱ በዘመን ያጥረዋል፤ ከ1840 እስከ 1940 ያለው መቶ ዓመት የተለመደ ነው፤ ለዚያ ብቻ የታተመ አልበምም አለ። ሌላው ከእያንዳንዱ ቴምብር አውጪ አንድ ብቻ ይላል። ይህ ርካሽ ነው፤ ለጀማሪም ጥሩ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ተራ ቴምብር በኪሎ ስለሚሸጥ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶዎች በአንድ ወር ይሞላሉ፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ግን ዕድሜ ይጨርሳሉ። ሦስተኛው በርእሰ ጉዳይ ይሰበስባል። ለእኛ አካባቢ ሰው እኔ የምመርጥለት ይህን ነው።

የበጌምድርና የጎረቤቱ አልበም ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። በ1947 የወጣው የአየር ፖስታ ተከታታይ ላይ ጢስ እሳት ፏፏቴ አለ፤ የጎርጎራና የደምቢያ እይታ በሦስት ብሩ ላይ፣ መቅደላ በአምስት ብሩ ላይ፣ ራስ ዳሸን በአሥር ብሩ ላይ ታትመዋል። በ1964 እቴጌ ምንትዋብና እቴጌ ጣይቱ ከሌሎች እቴጌዎች ጋር ወጡ። በ1968 የአፄ ቴዎድሮስ መቶኛ ሙት ዓመት ቴምብር ታተመ። ይህ ስብስብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊሞላ የሚችል ነው። ለማየት ብቻ የሚፈልግም አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና፣ ዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ያለውን የፖስታ ሙዚየም ይጎብኝ።

የሚሰበስብ ሰው ከተራ ፖስታ ላይ ቴምብር ሲያነሣ በጥፍሩ አይላጥ። በቴምብሩ ዙሪያ ሰፋ አድርጎ ወረቀቱን ይቁረጥ፣ ለብ ባለ ውኃ ላይ ያንሳፍፈው፣ ሙጫው ሲለቅ ራሱ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በንጹሕ ወረቀት መሐል አድርጎ ከመጽሐፍ ሥር ያድርቀው። ከአያቱ ሣጥን፣ ከመሬት ግብር ደረሰኝና ከውርስ ወረቀት ጋር የተጠቀለለ አሮጌ ደብዳቤ ካገኘ ግን ውኃ አያስነካው፣ ቴምብሩንም አያንሣ። የደብረ ታቦር፣ የጋይንት ወይም የእስቴ ስምና ቀን በማኅተም የተመታበት ፖስታ ሙሉውን ሲቀመጥ ነው ዋጋው፤ የየከተማውን ማኅተም ደግሞ ስኮትም ሚሼልም ቁጥር አልሰጡትም።