የስኳር ሕመምና የዓይን ብርሃን፦ የሌዘር ሕክምና መቼ ያድናል?

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የአነደድ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአምበር፣ እንደ አብዛኛው የጎጃም ደጋ ሁሉ፣ የዓይን ሕመም ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሱት የዓይን ማዝ ወይም ትራኮማና የዓይን ሞራ ናቸው። ሁለቱም ከተመልካች የተሰወሩ አይደሉም። ትራኮማ የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ አጥፎ ሽፋሽፍቱ ዓይንን እንዲቧጥጥ ያደርጋል፤ ሞራው በዓይን መካከል ነጭ ሆኖ ይታያል። ጎረቤትም ሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አይቶ ሕመምተኛውን ወደ ሕክምና ለመላክ አይቸገርም።

እ.ኤ.አ በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይነ ሥውርነት ጥናትም ይህንኑ የሚያጠናክር ነበር። ጥናቱ ከሕዝቡ 1 ነጥብ 6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ሥውር መሆኑን አመልክቶ፣ ግማሽ ያህሉን ለዚህ የዳረገው የዓይን ሞራ፣ ከ11 በመቶ የሚበልጠውን ደግሞ ትራኮማ መሆኑን ገልጿል። በወቅቱ በዋነኛነት ከተዘረዘሩት ምክንያቶች መካከል የስኳር ሕመም አልነበረም። ሕመሙ ግን ከዚያ ወዲህ እየተስፋፋ መጥቷል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም 537 ሚሊዮን አዋቂዎች ከሕመሙ ጋር የሚኖሩ ሲሆን፣ በአፍሪካ ከእነዚሁ ሕሙማን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መታመማቸውን እንኳ አያውቁም።

የስኳር ሕመም በዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከማዝና ከሞራ የተለየ ጠባይ አለው። አያምም፤ አያቀላም፤ ዓይንን ከውጭ ለሚያየው ሰው ምንም ምልክት አይሰጥም። ጉዳቱ የሚደርሰው ከዓይን በስተጀርባ ባለው ሬቲና በተባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ላይ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ሬቲናን የሚመግቡት እጅግ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ይዳከማል። አንዳንዶቹ ፈሳሽ ያሾልካሉ፤ ለንባብና ፊት ለመለየት የሚያገለግለው የሬቲና ማዕከልም ያብጣል። ሌሎቹ ደግሞ ይደፈናሉ። ደም ያጣው የሬቲና ክፍል የድረሱልኝ ምልክት የሆነ ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ በዚህም ምክንያት አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ። እነዚህ አዳዲስ ሥሮች ግን ለእርዳታ የመጡ ቢመስሉም ደካሞችና በቀላሉ የሚፈነዱ በመሆናቸው በዓይን ውስጥ ደም ያፈሳሉ፤ ጠባሳቸውም ሬቲናን ጎትቶ ከቦታው ያላቅቃል።

ሕክምናው የተጀመረበት መንገድ ትኩረትን የሚስብ ነው። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በላሊበላና አካባቢው የፀሐይ ግርዶሽ በታየበት ጊዜ ሕዝቡ ፀሐይን በባዶ ዓይን እንዳይመለከት ሲነገር እንደነበር ይታወሳል። ጌርድ ማየር ሽቪከራት የተባሉት ጀርመናዊ የዓይን ሐኪምም እ.ኤ.አ በ1945 በታየ ግርዶሽ ሬቲናቸው የተቃጠለባቸውን ሰዎች ካዩ በኋላ፣ ሬቲናን የሚጎዳ ብርሃን በልክና በቦታው ከዋለ ለሕክምና ሊያገለግል ይችላል የሚል ሐሳብ አደረባቸው። በመጀመሪያ የፀሐይን ብርሃን፣ ቀጥሎም ብርቱ መብራትን ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ በ1960 ሌዘር ከተፈለሰፈ በኋላ ደግሞ ሥራው ይበልጥ የተስተካከለ ሆነ።

ሐኪሙ በሌዘር የሚያደርገው የፈነዳውን ሥር መጠገን አይደለም። ለንባብ የሚያገለግለውን ማዕከል ሳይነካ፣ በዳር በዳር ባለው የሬቲና ክፍል ላይ እያንዳንዳቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጡ፣ በአብዛኛው ከ1,200 እስከ 1,600 የሚደርሱ የብርሃን ነጥቦችን ያሳርፋል። የተተኮሰው ክፍል ደም መጠየቁን ያቆማል፤ የድረሱልኝ ምልክቱ ይቀንሳል፤ አዳዲሶቹ ሥሮችም ይከስማሉ። በሌላ አነጋገር ሕክምናው ማዕከሉን ለማትረፍ ከዳር የተወሰነውን የሚሠዋ ነው። ከዚህም የተነሣ በምሽት የማየት ችሎታና የጎን ዕይታ በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። ይህም ሹፌርም ሆነ ማለዳ ጎሕ ሳይቀድ ወደ እርሻው የሚወጣ ገበሬ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው።

የሕክምናው ውጤት በሚገባ የተረጋገጠው በአሜሪካ ከ1,700 በላይ በሚሆኑ ሕሙማን ላይ በተካሄደ ጥናት ነው። ከእያንዳንዱ ሰው አንዱን ዓይን በማከምና ሌላውን ሳያክሙ በመከታተል የተካሄደው ይኸው ጥናት፣ ሌዘር ለከባድ የዕይታ መጥፋት የመዳረግን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ በ1976 ይፋ አድርጓል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የተገኘው ጥቅም ያለውን ዕይታ የመጠበቅ መሆኑ ነው። ሌዘር የጠፋ ብርሃንን አይመልስም።

ችግሩ የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ለምሳሌ የስኳር ሕመም እንዳለበት ካወቀ አሥር ዓመት የሞላው አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የመዝገቡን ፊደል በደንብ እስካነበበ ድረስ ዓይኑን የሚመረመርበት ምክንያት አይታየውም። ፊደሉ መደብዘዝ ሲጀምር ዕድሜው እንደሆነ ያስብና ከገበያ መነጽር ይገዛል። አንድ ቀን ጠዋት ጥቁር ነገር እንደ ሸረሪት ድር በዓይኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ያያል፤ ይህም ደም መፍሰሱን ሊያመለክት ይችላል። ወደ ሐኪም የሚሄደው በዚህ ጊዜ ነው። ሌዘር ይበልጥ ሊጠቅመው ይችል የነበረው ግን ምንም ችግር ሳይሰማው በሥራው ላይ በነበረባቸው ወራት ነበር።

በመሆኑም አዋቂዎችን በብዛት የሚይዘው ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ በታወቀበት ጊዜ፣ ከዚያም ቢያንስ በየዓመቱ ዓይኑ እንዲመረመር ባለሙያዎች ይመክራሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሕመምተኛ ጉዳቱ በእርግዝና ወቅት ሊፋጠን ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ መመርመር ይኖርባታል። ሰሌዳ ላይ ያሉ ፊደላትን ማስነበብ ብቻውን ምርመራ አይሆንም፤ የዓይንን ብርሃን ማስገቢያ በጠብታ አስፍቶ ሬቲናን ማየት ወይም በልዩ ካሜራ ማንሣት ያስፈልጋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ ዓይን ውስጥ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት በስፋት ሥራ ላይ ውሏል። በተለይ የሬቲና ማዕከል ሲያብጥ መርፌው ከሌዘር የተሻለ ውጤት ያስገኛል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት በየወሩ ገደማ መመላለስን ይጠይቃል። የሬቲና ሐኪምና የሌዘር መሣሪያ የሚገኙት በጥቂት ትላልቅ ከተሞች ነው። ከአምበር የሚነሣ ሕመምተኛ ወደ አዲስ አበባ፣ የዓይን ሕክምና ማስተማሪያ ወደሆነው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለመድረስ የአባይን በረሃ ማቋረጥ አለበት፤ ወደ ባሕር ዳርም ሆነ ወደ ጎንደር ለመሄድ ደብረ ማርቆስን አልፎ ረጅም መንገድ ይጠብቀዋል። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ ከተከሰተው የጸጥታ ችግር ወዲህ መንገድ የተቋረጠባቸው ጊዜያት እንደነበሩም የሚታወቅ ነው። እ.ኤ.አ በ2019 የታተመ አንድ ጥናት፣ አዳዲስ የደም ሥር የበቀለባቸውና በመርፌ ብቻ ሲታከሙ ቆይተው ቀጠሯቸውን ለረጅም ጊዜ ያቋረጡ ሕሙማን፣ ሌዘር ተደርጎላቸው ካቋረጡት ይልቅ የከፋ ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ሌዘር በሁለት ወይም በሦስት ቀጠሮ ተጠናቆ ለዓመታት የሚያገለግል በመሆኑ፣ ከሐኪም ርቆ ለሚኖር ሰው አሮጌው ሕክምና አሁንም ተመራጭ ሊሆን ይችላል።

አስቀድሞ መመርመር በሥርዓት ከተያዘ ምን ያህል እንደሚጠቅም እንግሊዝ ማሳያ ናት። እ.ኤ.አ ከ2003 ጀምሮ የስኳር ሕሙማንን ሁሉ ዓይን በየጊዜው በካሜራ የማንሣት ፕሮግራም በመዘርጋቷ፣ ከአምስት አሥርት ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የስኳር ሕመም በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ ሰዎች ዓይነ ሥውርነት ቀዳሚ ምክንያት መሆኑ መቅረቱን እ.ኤ.አ በ2014 የወጣ ጥናት አመልክቷል። ፎቶግራፉን ለማንሣት የግድ የዓይን ሐኪም አያስፈልግም። የሠለጠነ ነርስ አንሥቶ ራቅ ባለ ከተማ ላለ ሐኪም ሊልከው ይችላል። ካሜራው እስኪመጣ ድረስ እንኳ የወረዳ ጤና ጣቢያ በስኳር ሕመምተኛው ካርድ ላይ "ዓይኑ መቼ ታየ?" የሚል አንድ መስመር ቢጨምርና የሪፈር ወረቀቱን በጊዜ ቢጽፍ ትንሽ ሥራ አይደለም። ሠራተኛው ለዚህ የሚጠይቀው የጥቂት ቀናት ፈቃድም ዓይኑ ገና ደኅና በመሆኑ ብቻ እንደ ቅንጦት ሊቆጠርበት አይገባም።

የደም ስኳርንና የደም ግፊትን መቆጣጠር ከሌዘር በፊትም ሆነ በኋላ አይቀርም። እ.ኤ.አ በ1998 ይፋ የሆነው የእንግሊዝ ጥናት እንደሚያሳየው የደም ግፊትን በሚገባ መቆጣጠር ብቻውን የሬቲና ጉዳት የመባባስን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ አድርጎታል።

ለሌዘር የሚሄድ ሰው ሆስፒታል መተኛት አያስፈልገውም። ዓይኑ በማደንዘዣ ጠብታ ከደነዘዘ በኋላ ልዩ ሌንስ ይደረግለትና አገጩን በመሣሪያው ላይ አሳርፎ ይቀመጣል፤ አንዳንዶች መጠነኛ የመውጋት ስሜት ይሰማቸዋል። ብርሃን ማስገቢያውን ያሰፋው ጠብታ ለሰዓታት ዕይታን ስለሚያደበዝዝ በዚያን ዕለት መኪና መንዳት አይፈቀድለትም፤ ከአምበር ሲነሣም አብሮት የሚሄድ ሰው መያዝ ይኖርበታል።