ከሒሳብ ክፍል ወደ ዓለም አቀፍ ‹‹ኮንትሮለር››ነት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ያን ጊዜ በአስመጪው ፊት የተደቀነው ጥያቄ ‹‹ወጪዬ ጨምሯል፤ ግን ስንቱ በምን ምክንያት?›› የሚል ነበር።

ይህን ጥያቄ መመለስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ‹‹ማኔጅመንት ኮንትሮል›› ይባላል። ኦዲተር ያለፈው ሒሳብ በትክክል መቅረቡን ይመረምራል። ኮንትሮለር ግን በዕቅድና በክንውን መካከል ያለውን ልዩነት ከነምክንያቱ ለይቶ፣ ሥራ አስኪያጁ ነገ ምን መወሰን እንዳለበት ያመለክታል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ጎማ አስመጪ 1,000 ጎማ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ለመግዛት አቅዶ፣ ዶላሩን በ57 ብር በማስላት 5.7 ሚሊዮን ብር በጀት ያዘ እንበል። በተግባር የገዛው 800 ጎማ ሲሆን፣ የአንዱ ዋጋ 105 ዶላር፣ ምንዛሪው ደግሞ 110 ብር ሆነ። የከፈለው 9.24 ሚሊዮን ብር ነው። የተለመደው የሒሳብ ሪፖርት ‹‹ወጪው ከበጀቱ በ3.54 ሚሊዮን ብር በልጧል›› ብሎ ይዘጋል።

ኮንትሮለሩ ይህንኑ ቁጥር በሦስት ይከፍለዋል። 200 ጎማ ባለመገዛቱ ወጪው በ1.14 ሚሊዮን ብር ቀንሷል። አቅራቢው ዋጋ በመጨመሩ፣ በበጀቱ ምንዛሪ ሲሰላ፣ 228,000 ብር ተጨምሯል። የምንዛሪው ለውጥ ብቻውን ያመጣው ጭማሪ ግን 4.452 ሚሊዮን ብር ነው።

እንግዲህ ከአቅራቢው ጋር ስለ 5 ዶላር መከራከር ዋናውን ችግር አይፈታም ማለት ነው። መታየት ያለበት የዱቤው መክፈያ ቀንና በመጋዘን ያለው ዕቃ የሚሸጥበት ዋጋ ነው። የቆየውን ዕቃ በቆየው ዋጋ የሸጠ ነጋዴ በመዝገብ ያተረፈ ቢመስልም፣ በእጁ በገባው ገንዘብ ያንኑ ያህል ጎማ መልሶ መግዛት አይችልም።

የሙያው ዓለም አቀፍነትም ከዚህ ይመነጫል። የግብር ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ የልዩነት ትንተና ግን በአዲስ አበባም፣ በናይሮቢም፣ በዱባይም አንድ ነው። በዚህም ምክንያት ባለሙያው ከፋብሪካ ኮንትሮለርነት ወደ አገር አቀፍ ኃላፊነት፣ ከዚያም ወደ አካባቢያዊ ጽሕፈት ቤት ሊያድግ ይችላል።

የመጀመሪያው እርከን የግድ ውጭ አገር አይደለም። ሄኒከን በ2011 እ.ኤ.አ. የበደሌና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎችን በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ2021 እ.ኤ.አ. የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር አግኝቷል። ምክር ቤቱ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። እንዲህ ያሉ ኩባንያዎች ወር በተዘጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚላክ ሪፖርት ይፈልጋሉ። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ በአገር ውስጥ በሥራ ላይ እንዲውል በማድረጉም፣ እዚህ የሠለጠነ የሒሳብ ባለሙያ ለውጭው ቋንቋ ባዕድ አይሆንም።

የምስክር ወረቀትን በተመለከተ የሚታወቁት ሁለቱ፣ የአሜሪካው ሲኤምኤ እና የእንግሊዙ ሲማ ናቸው። የሁለቱም ባለቤት ማኅበራት የተመሠረቱት በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። ሲኤምኤ ከመጀመሪያ ዲግሪ ጋር ሁለት ፈተናና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የሲማ መንገድ ረዘም ይላል፤ የሦስት ዓመት ልምድም ይፈልጋል።

ይሁንና ወረቀቱ ብቻውን አያዘልቅም። ጎማው 1,000 ሳይሆን 800 የሆነው ለምን እንደሆነ የሚታወቀው ከመጋዘን ጠባቂው፣ ከግዢ ሠራተኛውና ከትራንዚተሩ ጋር በመነጋገር እንጂ ከኮምፒውተር ፊት በመቀመጥ አይደለም። ሌላው ፈተና ታማኝነት ነው። ኮንትሮለር ብዙውን ጊዜ ተጠሪነቱ ለአገር ውስጡ ሥራ አስኪያጅም፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት ፋይናንስም ነው። አለቃው መጥፎውን ወር ‹‹አለስልሰው›› ሲለው እሺ ያለ ባለሙያ፣ በሚቀጥለው ወር ሁለቱንም ወገን ያጣል።

ለነጋዴውም ትምህርቱ ቅርብ ነው። ኮንትሮለር ለመቅጠር አቅሙ ባይፈቅድ እንኳ፣ በየወሩ መጨረሻ የሒሳብ ሠራተኛውን ‹‹ስንት ወጣ?›› ከማለት አልፎ ‹‹ከመጠኑ ነው፣ ከዋጋው ወይስ ከምንዛሪው?›› ብሎ መጠየቅ ይችላል።