ወጀብ ሲመጣ የሸራ ጀልባ የት ይጠጋል?

በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ወደ ውኃው የሚወርድ ሰው በጥቂት ደቂቃ መኪና ጃክ ለንደን አደባባይ ይደርሳል። በዚያ፣ ኦክላንድንና አላሜዳን በሚለየው ጠባብ ሰርጥ ግራና ቀኝ፣ የሸራ ጀልባዎች ምሰሶ እንደ ባሕር ዛፍ ተክል ተደርድሯል። ጀልባዎቹ እዚህ መብዛታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥግ የሚመረጠው በነፋሱ አቅጣጫ ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነፋሱ በጎልደን ጌት በኩል ከምዕራብ ይገባል። ያኔ ምዕራቡ በኮረብታ የተከለለ ቦታ ሁሉ ይመቻል፤ ከሳውሳሊቶ ፊት ለፊት ያለው ሪቻርድሰን ቤይ አንዱ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚመጣው ወጀብ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ከሳን ሆዜ ጫፍ እስከ ቤይ ብሪጅ ድልድይ የተዘረጋው ውኃ ረጅምና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ሞገዱ በላዩ እየተገፋ ያድጋል። ሪቻርድሰን ቤይ ደግሞ በዚህ በኩል ክፍት ነው፤ በወጀብ ወራት መልሕቃቸው የተጎተተ ጀልባዎች ከዳርቻው ጋር ተላትመው ያውቃሉ።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነፋሱ በአጭር ጊዜ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ይዞራል፤ ስለዚህ ጥሩ ጥግ ከሁለቱም ነፋሳት የተከለለ መሆን አለበት። በየርባ ቡዌና እና በትሬዠር ደሴቶች መካከል ያለው ክሊፐር ኮቭ ከደቡብ፣ ከምዕራብና ከሰሜን የተከለለ ቢሆንም ምሥራቁ ክፍት ነው። የኦክላንዱ ሰርጥ ግን በሁለቱም ወገን መሬት አለው። አላሜዳ ቀድሞ ከዋናው መሬት ጋር የተያያዘች ነበረች፤ ደሴት የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1902 ቦይ ተቆፍሮ ነው። በሰርጡ ውስጥ ነፋስ ቢያልፍም ሞገድ የሚያድግበት ሰፊ ውኃ የለም።

ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ) ያላገኘ በመልሕቅ ይቆማል፤ የገመዱ ርዝመት ያኔ ወሳኝ ነው። ውኃው ሲጎድል 3 ሜትር ጥልቀት ካለው፣ ሲሞላ 2 ሜትር ከጨመረ፣ የጀልባው አፍንጫም ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ድምሩ 6 ሜትር ነው። ይህ በተለመደው ደንብ በ7 ሲባዛ 42 ሜትር ገመድ ይጠይቃል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ለ20 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) የበቃ ማሰሪያ ለ40 ኖት ላይበቃ ይችላል።

በማሪና ያለውም ቢሆን ተኝቶ አያድርም። ገመድ የሚበጠሰው ብዙውን ጊዜ ከጀልባው ጠርዝ ጋር በሚፋተግበት አንድ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ የጎማ ቱቦ ቁራጭ ያለብሱታል፣ ገመዱንም ድርብ ያደርጉታል። ተጠቅልሎ የቀረ የፊት ሸራ ነፋስ ከከፈተው ጀልባው ታስሮ ሳለ ሊጓዝ ይታገላል፤ ከወጀቡ በፊት ፈትቶ ማውረድ ይገባል። እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2023 በደረሰው ወጀብ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ትልልቅ የጭነት ባርጆች እንኳ ማሰሪያቸውን በጥሰው ድልድይ መተዋል።

ስለዚህ ከ34 ኖት በላይ ነፋስ እንደሚመጣ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ፣ ጀልባውን ከአንድ ቀን በፊት ወደ ሰርጡ አስገቡ፤ ድርብ አድርጋችሁ እሰሩና ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ወጀቡ ከጀመረ በኋላ ጥግ ፍለጋ መውጣት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ጀልባ ይተካል፣ ሰው አይተካም።