ፖሊሱ ይገላግል እንጂ አያስታርቅ

ባለፈው ስለ ገጠር ፖሊሶች ሥልጠና ጥቂት ብዬ ነበር። በውስጥ መስመር የመጣልኝ ጥያቄ ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል፤ ፖሊስን ምን ጥልቅ አደረገው?» ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሕጉን ባጭሩ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛም ሆነ ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንደማንኛውም የአካል ጉዳት ወንጀል ይጠየቃል ይላል። ስለዚህ «የቤት ጉዳይ ነው» የሚለው ምክንያት በሕግ ፊት አይሠራም። ጣጣው ያለው ቀላል የአካል ጉዳት በመሠረቱ የሚያስከስሰው በግል አቤቱታ መሆኑ ላይ ነው። ማታ አቤት ያለች ሴት ጧት ሽማግሌ ሲላክባት «ትቼዋለሁ» ትላለች፤ መዝገቡም በብዙ ቦታ እዚያው ይዘጋል። ፖሊሱ ይህን ደጋግሞ አይቷል። ስለዚህ ገና ከደጅ «በሉ ታረቁ» ይላል። ለምን ይድከም?

እኛ ግን ፖሊሱን የምናሠለጥነው ማስታረቅን ሳይሆን ጠቡን ማብረድን ነው። መሬት ላይ ክብ ጎጆ እንሥልና «ስትደርስ የት ትቆማለህ?» ብለን እንጠይቃለን። ሁሉም ማለት ይቻላል በሩ ላይ ይቆማሉ። ጎጆ ደግሞ ያለው አንድ በር ነው። በሩን ከዘጋህበት የተቆጣው ሰውዬ መውጫ አጣሁ ብሎ ይብሳል፤ እሷም ማምለጫ የላትም። እናም መጀመሪያ ከበሩ ዞር ማለት ነው። ቀጥሎ ዓይንህን ወደ ዕቃው፦ መጥረቢያው፣ ማጭዱ፣ ዘነዘናው፣ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ጠመንጃ፣ ምድጃው ላይ የተጣደው የፈላ ውኃ። ከዚያ ሰውዬውን በስሙ ጠርተህ «ወንድሜ፣ ና እስቲ ወደ አጥሩ ወጣ ብለን እናውራ» ትለዋለህ። አትጮህም፤ ልጆቹ ፊትም አታዋርደውም። የተዋረደ ሰው አንተ ስትሄድ ብድሩን የሚመልሰው በእሷ ላይ ነው።

እሷን ለብቻ ማነጋገር ከሁሉም ይከብዳል። ባሏ ዓይን ሥር፣ አማቷ አጠገብ ቆማ የምትሰጠው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ «ምንም አልሆንኩም»። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ፤ ወንዶቹ 28 በመቶ። (ቁጥሩ ተገላቢጦሽ የመሰላችሁ አላችሁ፤ አይደለም።) ፖሊሱም ያደገው እዚያው ቤት ውስጥ ስለሆነ አፉ ላይ የሚመጣው «ምን አድርገሽው ነው?» ነው። ይህን ጥያቄ እንከለክላለን። በምትኩ «ምን ተፈጠረ? ልጆቹ የት ናቸው? ከዚህ በፊት አንቆሽ ያውቃል?» ብሎ እንዲጠይቅ እናለማምደዋለን። የመጨረሻው በተለይ እንዳይዘለል። ማነቅ ብዙ ጊዜ ምልክት አይተውም፤ ቁስል ብቻ የሚፈልግ ፖሊስ ያልፈዋል። አሜሪካ ውስጥ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን አስቀድሞ የታነቀች ሴት በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ሰባት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል።

አንድ ጊዜ በዕድሜ ጠና ያሉ ዋና ሳጅን «ታዲያ ካላስታረቅሁ ምን ሠራሁ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሞርተን ባርድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ 18 ፖሊሶችን ለቤተሰብ ጠብ ካሠለጠነበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ክርክር ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒያፖሊስ ጥናት ደግሞ ከመምከርም ሆነ ለጊዜው ከማራቅ ይልቅ ማሰር ድጋሚ ጥቃትን ይቀንሳል አለ። በሌሎች ከተሞች ሲደገም ውጤቱ ተዘበራረቀ፤ ሥራ በሌላቸው ወንዶች ላይ እንዲያውም ማሰር ያባሰበት ቦታ ታይቷል። እኔ ለሳጅኑ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው፦ የእርስዎ ሥራ የዛሬዋን ሌሊት ማሳለፍ ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ከደበደባት ሰው ጋር፣ መሣሪያ የያዘ ፖሊስ ፊት ተቀምጣ የምትገባው ዕርቅ ዕርቅ አይባልም።

ግን «እሰረው» ብቻ ማለትም አያዋጣም። ወረዳ ጣቢያ የታሰረ ባል ስንቅ ይፈልጋል፤ ስንቁን ተሸክማ ሁለት ሰዓት በእግሯ የምትሄደው የተደበደበችው ሚስት ራሷ ናት። የእርሻ ወቅት ከሆነ ደግሞ በሬዎቹ ቆመው ይውላሉ፤ ስድቡም በእሷ ላይ ነው። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ወይም ካነቃት ይታሰር፤ አልደራደርበትም። ነገር ግን ፖሊሱ ከማሰሩ በፊት ስንቁን የሚያመላልስ የባል ዘመድ ይሰይም፤ እሷም ዛሬ የት እንደምታድር ይጠይቅ። ገጠር ውስጥ መጠለያ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው የወላጅ ቤት፣ አበልጅ፣ ጎረቤት ነው። እዚያ ድረስ ያድርሳት፤ የተቀበላትንም ሰው ስም ይመዝግብ።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሌሊት ጩኸት ሲሰማ ቀድሞ የሚደርሰው የወረዳው ፖሊስ ሳይሆን የቀበሌው ሚሊሻ ነው። ሥልጠናው ከተማ ሆቴል ውስጥ በአበል ሲሰጥ የሚጠራው ደግሞ በሌሊት ቀበሌ የማይወርድ ኃላፊ ነው። ከበሩ ዞር ማለትን፣ ሁለቱን መለየትን፣ ስለ ማነቅ መጠየቅን ለአንድ ሚሊሻ ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል፤ አዳራሽም አይፈልግም፤ የዋርካ ጥላ ይበቃዋል።