ልስኑ 15 ዓመት ይቆያል፤ እኛስ?

ከአሜሪካ ቲክቶክ ላይ የሚለቀቁ የጓሮ ዋና ገንዳ ቪዲዮዎችን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ ወንበር፣ ሙዚቃ፤ ከሥር ደግሞ «ወይ መታደል!» የሚል አስተያየት። ቪዲዮው የማያሳየው ከውሃው ሥር ያለውን ልስን ነው። እሱም እንደ ማንኛውም የቤት ግድግዳ ልስን ያረጃል፣ ይሻክራል፣ ይላጣል። ማሳደሻው ደግሞ ገንዘብ ነው፤ ያንን ገንዘብ የሚጠብቅ ሌላ ጉዳይ ደግሞ መቼም አይጠፋም።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ኔቫዳ፣ ላስ ቬጋስ ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ እሷ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ። ከ3 ዓመት በፊት ቤት ስንገዛ ገንዳው ከቤቱ ጋር አብሮ መጣ እንጂ ፈልገነው አልነበረም። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት በዚህ በረሃ፣ ጓሮው ውስጥ ገንዳ ያለው ቤት ብርቅ አይደለም። አገር ቤት ላለ ሰው ይህን ማስረዳት ግን ከባድ ነው። እኔ ራሴ ገንዳ ሲባል ያደግኩት ጊዮን ሆቴልንና ሶደሬን እያሰብኩ ነው፤ ከፍለህ የምትገባበት፣ ስንት ጊዜ ለምነህ የምትወሰድበት ቦታ። ታናሽ ወንድሜ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ካየ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የሚያነሳው «አቤት ባለ ፑሉ!» እያለ ነው።

ባለፈው ሰኔ የ4 ዓመቷ ልጃችን ከውሃው ስትወጣ የእግሯ ጣቶች ተፍቀው ደምተዋል። ወለሉ እንደ ሞረድ ሆኗል። እዚህም እዚያም ነጩ ልስን ተበልቶ ግራጫው ኮንክሪት ብቅ ብሏል፤ ጥልቁ ጋ ደግሞ አንዲት ቡናማ የዝገት ነጥብ አለች። እናድሰው? እንዲሁ እንተወው? ወይስ አፈር ሞልተን እንገላገለው? ያን ሰሞን ማታ ማታ ወሬያችን ይኸው ሆነ።

አጥንትና ቆዳ

ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት አንድ ሰው ጠራን። እዚህ ከተማ ለ20 ዓመት የሰው ገንዳ ሲያጸዱና ሲጠግኑ የኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ገንዳውን አንድ ጊዜ ዞሩና፣ «ስማ፣ ይኼ ነገር አጥንትና ቆዳ ነው» አሉኝ። «አጥንቱ በፌሮ የታሰረው ኮንክሪት ነው። ቆዳው አንድ ሳንቲም ሜትር የምታህል ልስን ናት። ቆዳ ካረጀ ይቀየራል። አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ ግን ቆዳ ብትቀይርለት ምን ዋጋ አለው?»

ስለዚህ መጀመሪያ አጥንቱን መረመርን። የመጀመሪያው ምርመራ ባልዲ ብቻ ነው የሚፈልገው። ባልዲውን በገንዳው ውሃ ትሞላና ገንዳው ደረጃ ላይ ታስቀምጠዋለህ። የባልዲውን ውሃ ከፍታ ከውስጥ፣ የገንዳውን ውሃ ከፍታ ደግሞ ከባልዲው ውጪ ምልክት ታደርጋለህ። ፓምፑ ይጠፋል፣ ማንም አይዋኝም፣ ውሃም አይጨመርም። ከ24 ሰዓት በኋላ ሁለቱ እኩል ከቀነሱ ውሃውን የጠጣው ፀሐይ ነው። ገንዳው ከባልዲው በግልጽ በልጦ ከቀነሰ ግን የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። የእኛ ባልዲ 9 ሚሊ ሜትር ቀነሰ፤ ገንዳው 10። «ተመስገን» አሉ ጋሼ።

ሁለተኛው ምርመራ በጆሮ ነው። በረዥም ዘንግ ወለሉንና ግድግዳውን እየቆረቆሩ ድምፁን ሰሙ። ጠንካራ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከኮንክሪቱ ጋር ተጣብቋል። ባዶ ቆርቆሮ የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ለቆታል፤ እዚያ ላይ አዲስ ልስን ቢደረብ አብሮ ይረግፋል። እኛ ጋ እንዲህ ያለው ሁለት ቦታ ተገኘ። ዝገቷም አንዲት ብቻ ስለሆነች ተቆፍራ፣ ፌሮው ተጠርጎ ትደፈናለች። ብዙ ቦታ ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ የፌሮ በሽታ ነው፤ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

«ታዲያ ልስኑን ምን በላው?» አልኳቸው። «ውሃው ነዋ!» አሉ። ልስን ሲሚንቶ ነው፣ ውስጡ ካልሲየም አለ። ውሃው አሲድ ሲበዛበት ወይም ካልሲየም ሲያንሰው የጎደለውን ከግድግዳው ይወስዳል። ሲበዛበት ደግሞ መልሶ በነጭ ቅርፊት መልክ ሴራሚኩ ላይ ይለጥፈዋል። የላስ ቬጋስ የቧንቧ ውሃ በማዕድን የከበደ ስለሆነ ቅርፊቱን በደንብ እናውቀዋለን። የውሃው ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት፤ ይህን በየሳምንቱ የማይለካ ሰው በጣም ውድ የሆነውን ልስን ቢያስለስንም ገንዘቡን ውሃ ውስጥ እንደ መጣል ነው።

ሒሳቡ

የእኛ ገንዳ 37 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ 57 ሺህ ሊትር ይይዛል። ከሦስት ድርጅቶች ዋጋ ሰበሰብን። ተራው ነጭ ልስን 8,500 ዶላር። ደቃቅ ጠጠር የተቀላቀለበት ጠንካራው ዓይነት 13,000 ዶላር። አፍርሶ አፈር መሙላት 11,000 ዶላር። ቀለም መቀባትም አለ፣ ርካሽ ነው፤ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይላጣል፣ ከዚያ በኋላ ልስን ለማድረግ ሲፈለግ ደግሞ መጀመሪያ ቀለሙን መፋቅ ግድ ነው። እሱን ወዲያው ሰረዝነው።

ጋሼ ነጩን በጥሩ አያያዝ 8 ዓመት፣ ጠጠሩን 15 ዓመት ሰጡት። ያን ጊዜ ስልኬን አውጥቼ አካፈልኩ። ነጩ በዓመት ወደ 1,060 ዶላር ይመጣል፤ ጠጠሩ ወደ 870። ስለዚህ ውዱ ርካሽ ነው ማለት ነው! ደስ ብሎኝ ለባለቤቴ አሳየኋት።

ስልኩን አየችና፣ «15 ዓመት? ቆይ፣ 15 ዓመት እዚህ ልንኖር ነው እንዴ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ይህን ያውቀዋል። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ላይ «የዛሬ ዓመት በአገራችን» እንባባላለን፤ ቀጥሎ የ30 ዓመት የቤት ብድር እንፈርማለን። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ እያወቅን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። ጠጠርና ሲሚንቶ ይህን ጥያቄ አምጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ያስቀምጠዋል ብዬ በጭራሽ አላሰብኩም ነበር።

ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁት። ከ5 ዓመት በኋላ ቤቱን ሸጠን ብንሄድ ነጩ በዓመት 1,700 ዶላር፣ ጠጠሩ 2,600 ዶላር ሊያስወጣን ነው። በዚያ ላይ ኬሚካሉና የፓምፑ መብራት በወር ወደ 120 ዶላር፣ በዓመት 1,440 ይበላል፤ ይህ የትኛውም ልስን ቢሆን አይቀርም። እንግዲህ የትኛው ልስን እንደሚያዋጣ የሚወስነው ልስኑ ሳይሆን እኛ የምንቆይበት ጊዜ ነው። ያገለገለ መኪና ለሚጠግንም፣ የተከራየውን ቤት ለሚያድስም ሒሳቡ ያው ነው፦ ዋጋውን በዕቃው ዕድሜ ሳይሆን አንተ በምትጠቀምበት ዓመት አካፍል።

እናቴ በበኩሏ የራሷ ሒሳብ ነበራት። በዕጣ የደረሳት ኮንዶሚኒየም ማጠናቀቂያ ይፈልጋል፤ ያጠራቀምነው 14,000 ዶላር ላይ እሷም ዓይኗን ጥላለች። ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ «እኔ ቤት ግድግዳው ሳይለሰን አንተ ውሃ ውስጥ ያለ ግድግዳ ታስለስናለህ ልጄ?» አለችኝ። ሳቅን። የምሯን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

እንዲሁ ብንተወውስ?

መተው ነፃ ይመስላል፤ አይደለም። ውሃ ይዞ ፓምፑ ከቆመ በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል፣ የወባ ትንኝ ዘመዶች ይፈለፈሉበታል። ባዶ አድርጎ መተው ደግሞ ይብሳል። ልስኑ በፀሐይ ይሰነጠቃል። የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ደግሞ ባዶ ገንዳ ከሥር በሚገፋው ውሃ እንደ ጀልባ ተነስቶ ከመሬት ሊወጣ ይችላል። ለዚህም ነው ባለሙያ ሳይጠይቁ ገንዳ አይደረቅም የሚባለው።

ስለ ውሃውም አስበናል። 57 ሺህ ሊትር በ20 ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር 2,850 ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላደገ ሰው ይህን አፍስሶ እንደገና መሙላት ይከብዳል። የደቡብ ኔቫዳ ውሃ 90 በመቶ ገደማ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሁቨር ግድብ ከተጠራቀመው የሜድ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በፈረንጆቹ 2022 በ1930ዎቹ ከተሞላ ወዲህ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር አዲስ የሚሠራ የመኖሪያ ቤት ገንዳ ከ600 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም ከ56 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ።

ነገር ግን አንድ ያልጠበቅነው ነገር ተማርን። እዚህ የገንዳ ውሃ ወደ መንገድ አይለቀቅም፤ ቤቱ አጠገብ ባለው መክፈቻ በኩል ወደ ፍሳሽ መስመር ነው የሚገባው። የፍሳሽ ውሃ ደግሞ ተጣርቶ ወደ ሜድ ሐይቅ ይመለሳል። ስለዚህ ለልስን ብለህ አንዴ የምታፈሰው ውሃ ተመላሽ ነው። የማይመለሰው በየቀኑ ፀሐይ የምትጠጣው ነው፤ ባልዲያችን ላይ ያየነው 9 ሚሊ ሜትር። እሱን የሚቀንሰው ገንዳውን በማይዋኝበት ጊዜ መሸፈን ነው።

ልጅቷ

ይህ ሁሉ ሒሳብ ግን ከአንድ ነገር በታች ነው። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉ ነገሮች ቀዳሚው በውሃ መስጠም እንደሆነ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይናገራል። ባለቤቴ አፈር ይሞላ ያለችው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ተሳስታለች ማለት አልችልም።

አደጋው የመስጠም ብቻም አይደለም። በፈረንጆቹ 2002 የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ የ7 ዓመቷ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር፣ የሙቅ ውሃ ገንዳ ማስወገጃ ቱቦ በኃይል ስቦ ይዟት ሕይወቷ አለፈ። በ2007 በስሟ የወጣው ሕግ የማስወገጃ ክዳኖች ሰው እንዳይዙ ሆነው እንዲሠሩ ያስገድዳል። ክዳኖቹ ራሳቸው ግን ፕላስቲክ ናቸው፤ የአገልግሎት ዘመን አላቸው። የእኛ መቼ እንደተገጠመ የሚያውቅ ሰው የለም። ገንዳ ደርቆ ልስን የሚታደስበት ጊዜ ክዳኑን ለመቀየር የተመቸ ነው፤ ዋጋ የሚያቀርበው ሰው ይህን ካላነሳ እናንተ አንሱት።

የወሰንነው

ነጩን ልስን መረጥን፤ ክዳኖቹን ጨምሮ 8,500 ዶላር። ጠጠሩን ብንመርጥ ከ14,000ው የሚተርፈው 1,000 ብቻ ነበር። አሁን ከተረፈው 5,500 ውስጥ 1,800ው ገንዳውን ከቤቱ ለሚለይና በሩ በራሱ ለሚዘጋ አጥር፣ 400ው ለልጅቷ የዋና ትምህርት ዋለ። 3,300ው ለእናቴ ግድግዳ ሄደ። ማጠናቀቂያውን በሙሉ አይሸፍንም፤ እሷም ነግራኛለች። ባለቤቴም ፈቃደኛ የሆነችው አጥሩ ከልስኑ ይቅደም ብላ ነው።

ስምንት ዓመት ሲሞላ ልጃችን 12 ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ እዚህ ካለን እንደገና እንቆጥራለን። ከሌለንም ቀጣዩ ባለቤት ይቁጠረው።

ሥራው የሚጀመረው ሙቀቱ ሲበርድ፣ በጥቅምት ነው። የድርጅቱን የፈቃድ ቁጥር በኔቫዳ የኮንትራክተሮች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አይተናል። የለቀቀው ልስን ተቆፍሮ እንደሚወጣና ዝገቷ እንደምትጠገን ውሉ ላይ በጽሑፍ አስገብተናል። አዲሱ ልስን እንዳለቀ ውሃው ሳይቋረጥ እስኪሞላ መለቀቅ አለበት፤ መሀል ላይ ከቆመ መስመር ሠርቶ ይቀራል። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን ሁለት ጊዜ በብሩሽ መቦረሽ አለ። ጠዋቱ የእኔ ነው፣ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ፤ ማታው የእሷ።

አጥሩ ግን ጥቅምትን አልጠበቀም። ባለፈው ሳምንት ቆሟል።